የአሞራ መደብ

የእኛ ሰፈር ሰማይ የተሰመረ ነው። ለቡ መብራት ኃይል የሚኖር ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ቀና ሲል በመጀመሪያ የሚያየው ሽቦ ነው፤ ሰማዩ ከኋላ ይመጣል። ትልልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ከዳገቱ በኩል ተነስተው፣ እግራቸውን አንፈራጠው፣ በቤቶቻችን አናት ላይ እየተራመዱ ወደ ሀይሌ ጋርመንት አቅጣጫ ያልፋሉ። ከሥራቸው ቤት መሥራት ስለማይፈቀድ ረጅም የሣር ሜዳ ቀርቷል። በአካባቢው ማንም ያልተካፈለው መሬት ይኸው ብቻ ይመስለኛል፤ የተረፈውም ስለሚያስፈራ ነው። ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነው፤ የሠርግም የለቅሶም ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው፤ ለበዓል በሬ የሚወድቀው እዚያ ነው።

ወፎችም የሚወድቁት እዚያ ነው።

ይህን ለመገንዘብ ጊዜ ወስዶብኛል፤ የወደቀ ወፍ አይቆይማ። ማለዳ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሣሩ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የተኛ ነገር አያለሁ። ዳቦዬን ይዤ ስመለስ ውሻ ወስዶት ላባ ብቻ ቀርቷል። ላባውን ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። አንድ ጊዜ እርግብ፣ አንድ ጊዜ ቁራ፣ አንድ ጊዜ ስሙን የማላውቀው እግረ ረጅም ነጭ ወፍ፤ ከስንት ባሕር ማዶ መጥቶ የእኛን ሽቦ ያላየ። ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ሁሉም አንድ አንድ አይተዋል። ሁለት ያየ የለም። ሰፈሩ በሙሉ አንድ አንድ ሬሳ ይዞ ይኖራል፤ ድምሩን የሚያውቅ የለም።

ወፍ ወዳድ አይደለሁም። በተለይ አሞራን የሚያሞግሱ ጽሑፎች አንብቤ አንብቤ ሰልችቶኛል። «የተፈጥሮ የጽዳት ሠራተኛ» ይሉታል። የጽዳት ሠራተኛን እንደዚያ አድርጎ ያሞገሰ ጸሐፊ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። መሬት ላይ ሲሄድ ያየው ሰው አሞራ ያምራል ሊለኝ አይችልም፤ ጫማ የጠበበው አለቃ ይመስላል። ሲያንዣብብ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ፣ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሜዳው ላይ ሲዞሩ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የማነበውን እረሳለሁ። እነሱ ሲዞሩ ሰፈሩ በዝግታ አብሯቸው የሚዞር ይመስለኛል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የተሰጣው ልብስ፣ የታክሲው ጡሩምባ፣ ሁሉም ከውሃ በታች እንዳለ ነገር ይለሰልሳል። ከዚያ አንዱ ዝቅ ይላል። ሲበር የሚያየው ወደ ታች ነው፤ የሚፈልገው መሬት ላይ ነውና። ፊት ለፊቱ ያለውን ቀጭን ነገር እንዲያይ ሆኖ አልተፈጠረም። አንድ ሽቦ ላይ የተቀመጠ ወፍ ምንም አይሆንም፤ ክንፉ ሰፍቶ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የነካ ግን አለቀለት።

አሁን ስለ ሁለት ጎረቤቶቼ ልናገር።

አንደኛዋ ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ሴት ናት። ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት፤ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ሸሚዝ ስትሰፋ ኖራለች። የማለዳ ጸሎቷ በግድግዳው አልፎ እኔ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቀን በር ላይ ተገናኝተን፣

«ጋሼ፣ ዛሬ ለእርስዎ ጸልያለሁ» አለችኝ።

«ሳታስፈቅጂኝ?»

«ጌታን አስፈቅጃለሁ። እርስዎ ብዙ ያነባሉ፤ ያስፈልግዎታል።»

ስፌቱ ሲቀር በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእንቁላል ማስፈልፈያ ገዛች። መስታወት በር ያለው፣ ከሣጥን ቴሌቪዥን ትንሽ የሚበልጥ ዕቃ ነው። ሳሎኗ ውስጥ የክብር ቦታ ሰጠችው፤ ሶፋው ለእሱ ሲባል ተገፍቶ በሩን ግማሽ ዘግቷል። ጫጩት አስፈልፍላ ለሰፈሩ ልታከፋፍል ነበር። የመጀመሪያው ዙር መብራት ሲሄድ ሲመጣ ተበላሸ። ሁለተኛውም እንዲሁ። የታላቅ ወንድሟ ስልክ ከዚያ በኋላ በዛ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምታነጋግረው እኔም ሳልወድ ሰምቻለሁ፤ እናታቸው ካረፈች ጀምሮ የአገር ቤቱ ቤት ባዶ ነው፣ ከተማ ለብቻዋ ምን ታደርጋለች፣ ትመለስ። እሷም በመጨረሻ ቃል ገባች፤ ሦስተኛው ዙር ካልሆነ ዕቃዋን ጭና ትሄዳለች። መመለስ እንደማትፈልግ ግድግዳው ያውቃል፤ በጸሎቷ መካከል ደጋግማ «አቆመኝ፣ እዚሁ አቆመኝ» ትላለች። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ፋሲካ ሆነ።

ሁለተኛው የቅርጫችን ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሻምበል። ቅርጫ በሰፈራችን ከሃይማኖት በላይ ነው፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ለአንድ በሬ አንድ ይሆናል። በሬው ታርዶ፣ ሥጋው ቅጠል ላይ በእኩል መደብ በመደብ ተደርጎ፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ ደርሶ ዕጣ ይጣላል። ሻምበል የሚታወቁት ከዚያ በኋላ በሚያደርጉት ነገር ነው። ሳንባውን፣ ጣፊያውን፣ ማንም የማይፈልገውን አንጀት ሰብስበው የመጨረሻ መደብ ይሠራሉ።

«ይሄ የአሞራ ነው» ይላሉ። «ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ እሱም አብሮን ጾሟል። ይፈስክ እንጂ!»

በመጀመሪያው ዓመት መደቡን ሣሩ ላይ አስቀምጠውት ውሻ ቀደመ። ሻምበል ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ዳር ባለው፣ ጥበቃ ከለቀቀው የዘበኛ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወረውሩታል። ውሻ አይደርስበትም፤ አሞራ ብቻ። ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ የእኛን መንገድ መብራት የሚሰጠው ትራንስፎርመር በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ሽቦዎቹ ከጣሪያው በላይ ያልፋሉ። ይህን ሁላችንም በየቀኑ እናያለን። ያየነውን አገናኝተን አናውቅም።

በዚያ ፋሲካ ጠዋት ሰፈሩ እንቅልፍ አልጠገበም ነበር። ሻምበል ሌሊቱን ብስራተ ገብርኤል ቆመው አድረዋል፤ የድሮ ሰፈራቸው ስለሆነ ቅዳሴ ሌላ ቦታ አይጥማቸውም። ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዶሮ ወጡን ፈስከው፣ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። ሌሎቹም እንደዚያው። ሜዳው ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀስ ብለው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ጤዛው አልረገፈም፤ የሚናገር ሰው ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ቢላ ሲሳል እንኳ ከሌላ ሰፈር የመጣ ድምፅ ይመስላል። ከወዲያ ማዶ ከአንድ ቤት የተከፈተ መዝሙር ይሰማል። በሬው ታርዶ ተቆራርጧል፤ መደቡ ተደርድሯል። ዕጣ ተጣለ። ሻምበል የአሞራውን መደብ አንስተው እንደ ድንጋይ ወርዋሪ ወደ ኋላ ተለጥጠው ጣሪያው ላይ ጣሉት። ቆርቆሮው ጧ አለ። ከላይ ሲዞሩ የነበሩት አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር።

ትልቁ አሞራ አንጀት ይዞ ተነሳ። እንዴት እንደተነሳ አሁንም አያለሁ፤ አልቸኮለም። ክንፉን ሲዘረጋ ለአፍታ ሰማዩን የያዘው መሰለኝ፤ አንዱ ጫፍ በዚህኛው ሽቦ፣ ሌላው በዚያኛው። ሰማያዊ ብርሃን ታየ፤ ከብርሃኑ በኋላ ድምፁ መጣ። ከዚያ አሞራው ተጣጥፎ፣ እየጨሰ፣ ከተደረደረው ሥጋ አጠገብ ወደቀ።

መዝሙሩ ከመካከል ተቋረጠ።

ዝምታውን የሰበረው የሚኒባስ ሹፌሩ ጎረቤታችን ነው። ከአፉ ቀልድ ጠፍቶ አያውቅም።

«የማን መደብ ላይ ነው የወደቀው? ጭማሪ የደረሰው ማነው?»

«አንተ፣ በዓል ነው፤ አፍህን ሰብስብ!» አሉ የሻምበል ባለቤት። «ከሰማይ አሞራ መውደቁ ደግ አይደለም። ሟርት ነው።»

«ሟርት አይደለም እትዬ፤ መብራት ነው።»

ሻምበል ጎንበስ ብለው ወፉን አዩት። «አርጅቶ ነው» አሉ። «ሊሞት ሲል ወደ ሰው ይጠጋል።» ይህን ባለፈው ፋሲካም ለወደቀው ብለውት ነበር። ለእሳቸው አንድ አንድ ናቸው፤ እንደ ሁላችንም።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ ከበሯ ወጣች። በባዶ እግሯ ነበረች። መብራት ሲጠፋ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«የእኔ ብቻ ነው የጠፋው ወይስ የሁላችሁም?»

«የሁላችንም» አለ ሹፌሩ። «አይዞሽ፣ ብቻሽን አልጠቆርሽም።»

አላለቀሰችም። ወደ ሽቦው አየች፣ ወደ ወደቀው አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። «ጋሼ፣ እንቁላሎቹ» አለች።

ለመብራት ጥገና ደወልኩ። በበዓል ቀን ያለው መኪና ሌላ ሰፈር ሄዷል፤ ሲጨርስ ይመጣል ተባልኩ። መቼ እንደሚጨርስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከሰል እናቀጣጥል ያለም ነበር፤ እሷ ጭሱ እንቁላሉ ውስጥ ያለውን ነፍስ ይገድላል ብላ በር ላይ ቆመች። ውሃ በየቤቱ ከሰል ላይ ፈላ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተደረገ፣ በጨርቅ እየተጠቀለለ ማስፈልፈያው ውስጥ ገባ። ጠርሙሱ ግን ቦታ ያዘ። ከላይኛው ትሪ የወጣው እንቁላል መሄጃ አጣ። ሰዎቹን ተራ በተራ አየች። ሁሉም ጋቢና ነጠላ ለብሰዋል።

«ሆድ ሙቀት አለው» አለች።

እንዲህ ሆኖ ነው የፋሲካን ቀን እንቁላል ታቅፈን የዋልነው። ሳሎኗ ውስጥ፣ ሶፋው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈን፣ በጋቢያችን እጥፋት ውስጥ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት እንቁላል ሆዳችን ላይ አድርገን። መጋረጃውን ነፋስ እንዳይገባ ዘግታዋለች፤ ክፍሉ የቀይ ጨርቅ ቀለም ነበረው። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ሁሉ ይንጎላጃል። እሷ በመካከላችን እየዞረች የሚተኛውን ትከሻውን ነካ ታደርጋለች።

«እንዳይተኙ፤ ይሰብሩታል።»

«እኔ ጠዋት ሁለቱን በወጥ በልቻለሁ» አለ ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ። «አሁን ስድስት ታቅፌ ንስሐ እየገባሁ ነው።»

«ዝም ብለህ አሙቅ።»

«ሻምበል፣ በውትድርና እንዲህ ያለ ግዳጅ ገጥሞዎት ያውቃል?»

«ከዚህ የባሰ» አሉ ሻምበል፣ ግን ፈገግ አላሉም። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው፣ በጣም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ የሰከረ ሰው አልሰከርኩም ለማለት እንደሚቀመጠው።

እኔ በጅምላ ደግነት አላምንም። ሰው ተሰብስቦ መልካም ሲሠራ ሳይ ጀርባዬ ይቀዘቅዛል፤ ከበስተኋላው ሁልጊዜ አንድ ኮሚቴ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ያን ቀን ግን ለመጠርጠር እንቅልፌ አልፈቀደልኝም። እንቁላሎቹ ከእኔ ይሞቃሉ ወይስ እኔ ከእነሱ፣ መለየት አቃተኝ። በሰመመን መካከል ሽቦውን አየሁት፤ ረጅም ነበር፤ ወፎች ተደርድረውበታል፤ ያየናቸው አንድ አንዶቹ ሁሉ፣ እርግቡም፣ ቁራውም፣ እግረ ረጅሙም፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው የሆነ ነገር እንድንጨርስ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ያነቃኝ የሻምበል ድምፅ ነው።

«አንኳኳ» አሉ።

ሁላችንም አየናቸው።

«ከውስጥ አንኳኳ። ድምፅም አለው። ስሙት እንጂ!»

ጎረቤቴ ተንበርክካ ጆሮዋን ጋቢያቸው ላይ አደረገች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ሰማሁት፤ በጣም ቀጭን፣ ከሩቅ በር የሚሰማ የሚመስል ጭውጭውታ። ጫጩቱ ገና ሳይወጣ ይናገራል። ፊቷ ተፈታ። ሻምበል ግን ፊታቸው ሌላ ሆነ። ጥቂት ቆይተው፣ ማንንም ሳያዩ፣

«ያ አሞራ ጎጆ ኖሮት ይሆን?» አሉ።

ሹፌሩ አፉን ከፈተ፤ ቀልድ አልመጣለትም። የመለሰችው እሷ ናት፤ ገና እንደተንበረከከች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

«ሻምበል፣ ባይከፋዎት ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«አርጅቶ አይደለም የሞተው። ምግቡ ከሽቦው ሥር ስለሆነ ነው። እርስዎ ነዎት የሚጠሯቸው። ይወዷቸዋል፤ እየጠሩ ይገድሏቸዋል።»

ባለቤታቸው «ኧረ ልጄ!» አሉ። ሻምበል በእጃቸው አስቆሟቸው።

«ባለፈውም ፋሲካ?»

«ባለፈውም። መብራቱም ያኔ ሄዷል። የመጀመሪያው ዙር የተበላሸብኝ ያኔ ነው።»

ሻምበል እንቁላሎቻቸውን አንድ በአንድ ከጋቢያቸው እያወጡ ወደ እሷ አቀበሉ፤ እሷ ወደ ባለቤታቸው ቀሚስ አሳለፈች። ተነሱ።

«መሰላል ያለው ማነው?»

መሰላል ያለኝ እኔ ነኝ። የእኔን ድርሻ ለሹፌሩ ጨምሬ፣ «አሥራ ሁለት ልታቀፍ ነው፣ ኧረ ሰው ነኝ!» እያለ ሲያማርር ተከትያቸው ወጣሁ። ውጪው በጣም ብሩህ ነበር። ጣሪያው ላይ ሁለት አሞሮች ቀርተው ይጓተታሉ፤ ከላይ ሌሎች ይዞራሉ። ሽቦው ሞቶ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ መብራት የለም ማለት ሽቦ የለም ማለት አይደለም። ይህን ነገርኳቸው። ሻምበል ከላይኛው መወጣጫ ሳይደርሱ ቆመው፣ በረጅም የመጥረጊያ እንጨት፣ ጎንበስ ብለው ሳንባውንና አንጀቱን ወደ ታች ሳቡት። መሰላሉን ይዤ ነበርና ጋቢዬ ላይ ወረደ። አሞሮቹ ክንፋቸውን ነፋ አድርገው ዘለሉ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ በሽቦው ሥር፣ በጠባቡ፣ አልፈው ሄዱ።

ሻምበል ከመሰላሉ ወርደው ያወረዱትን በማዳበሪያ ከረጢት ሰበሰቡ። ውሾቹ መጥተው ተቀምጠዋል። «እነዚህ ይብሉት» አሉ። «እነዚህ እንኳ አይበሩም።» ከዚያ የሞተውን ትልቁን አሞራ አነሱ። ከጠበቁት በላይ ቀሎባቸው ይመስለኛል፤ ሁለት ጊዜ እጃቸውን አስተካከሉ። በሜዳው ጫፍ፣ ሽቦው በማይደርስበት ቦታ፣ ቀበሩት። እኔ አካፋ አቀበልኩ፤ ምንም አላልኩም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የጥገና መኪናው የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሁለት ሰዎች ረጅም ዘንግ ይዘው አንድ ነገር ከትራንስፎርመሩ ላይ አውርደው አንድ ነገር መለሱ። ማቀዝቀዣዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ጉር ሲሉ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ሳሎኗ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን ጮኸ፤ ከዚያ እንቁላሉን እያስረከበ፣ ወገቡን እያፍታታ፣ ወደየቤቱ ሄደ። ሹፌሩ አንድ እንኳ አልሰበረም። ይህን እስከ ዛሬ በየለቅሶው ያወራል።

የሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ሰፈሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ኖረ፤ ግን ማንም በበሯ ሲያልፍ ሳይቆም አያልፍም። የሚጠይቅም የሚናገርም የለም። ሻምበል ማለዳ እየመጡ በሩ ላይ ያስላሉ። ወንድሟ ደውሎ የጭነት መኪና ማነጋገሩን፣ ዕቃዋን በሣጥን እንድታሰናዳ ነገራት። እሷም በግድግዳው በኩል እስከማውቀው ድረስ «እሺ» አለችው። በዚያ ሌሊት ጸሎቷ አጭር ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ግድግዳውን መታች፤ ከዚያ በፊት መትታው አታውቅም። ስሄድ ሻምበል ቀድመውኛል። የመስታወቱ በር ላብ ይዞታል፤ ከውስጥ የሚታየው ነገር ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰፈር ነበር፤ የተሰነጠቀ፣ የሚንቀሳቀስ፣ እርጥብ፣ እየተደናቀፈ የሚነሳ። ሁሉም አልተፈለፈሉም። ከታችኛው ትሪ ጥግ በኩል ብዙዎቹ እንደተዘጉ ቀሩ፤ እነሱን በኋላ ለብቻዋ ስታወጣ አየሁ። ከግማሽ በላይ ግን ነበሩ። ሻምበል ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው፣ የእሳቸው የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቁ።

«እንዴት ላውቅ እችላለሁ?» አለች። «ሁሉም የሁሉም ናቸው።»

ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነበር፤ መኪናው ነገ ጠዋት ይደርሳል አላት፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። የማስፈልፈያውን በር በትንሹ ገርበብ አድርጋ ስልኩን ወደ ውስጥ ዘረጋች። ጭውጭውታው ክፍሉን ሞላው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ወንድሟ። «እዚያ ዝናብ ጀመረ እንዴ? ቆርቆሮው ላይ ነው?»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። እጇ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተጣብቋል።

«ዝናብ አይደለም» አለችው። «መኪናውን መልሰው።»